የታምሪኤል ጥንታዊ የዘመን ቈጠራ ምን ያህል ይታመናል?

መግቢያ

በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። ከኦሪት ዘፍጥረት አንደኛ ምዕራፍ ጐን፣ በገጹ ኅዳግ ላይ፣ «ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004» የሚል ቍጥር ታትሞበታል። ይህንን ቍጥር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1650 የዘመን መጽሐፉን ያሳተመው የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር መሆኑን ኋላ ተረዳን። ከሰፈራችን ካህናት ግን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት እንደ ሆነ ስንሰማ አድገናል። በሁለቱ መካከል 1496 ዓመት አለ። ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ መስሎን ነበር። በኋላ እንደ ተማርነው ግን ሁለቱም ወገኖች የአበውን ዕድሜ የደመሩት ከአንድ መጽሐፍ ነው፤ አንደኛው የዕብራይስጡን፣ ሁለተኛው የሰብዓ ሊቃናቱን ቅጅ በመከተሉ ድምሩ ተለያየ። ከዚያ ወዲህ አንድ የዘመን ቍጥር ባየን ጊዜ አስቀድመን የምንጠይቀው «ማን ቈጠረው? በምንስ ቈጠረው?» ብለን ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይኸንኑ ጥያቄ በእውነት ላልነበረች አገር እናቀርባለን። ታምሪኤል ቤቴዝዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ባወጣቸው፣ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» በሚባሉት የኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ የምትገኝ የምናብ ክፍለ ዓለም ናት። ርእሱን የሰሙ ጓደኞቻችን ፈገግ ብለዋል፤ «ያልነበረ አገር ምን ታሪክ አለው?» ያሉንም አሉ። የእኛ መልስ አጭር ነው። የእነዚህ ጨዋታዎች ደራሲዎች ታሪኩን በራሳቸው አንደበት አይተርኩም፤ በጨዋታው ውስጥ በየመደርደሪያው የሚገኙ፣ የምናብ ሊቃውንት የጻፏቸው ተብለው የቀረቡ፣ እርስ በርሳቸውም የሚቃረኑ መጻሕፍትን ትተውልናል። የትኛው እውነት እንደሚናገር የሚፈርድ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለውን ሰነድ መመዘን ደግሞ የታሪክ ተማሪ ዋና ሥራ ነው።

1. የዘመኑ አከፋፈልና ድምሩ

የታምሪኤል ሊቃውንት ጊዜን የሚከፍሉት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ቍጥር የማይነገርለት የንጋት ዘመን አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ኋላ እየተቈጠረ 2500 ዓመት የሚሆነው የሜሬቲክ ዘመን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቀዳማዊው ዘመን 2920 ዓመት፣ ካልዓዩ 896 ዓመት፣ ሣልሳዩ 433 ዓመት ቈይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ስካይሪም» የተባለው ጨዋታ የሚፈጸመው በራብዓዩ ዘመን በ201 ዓመት ነው። እነዚህን ብንደምር ከቀዳማዊው ዘመን መነሻ እስከ «ስካይሪም» 4450 ዓመት፣ ከሜሬቲክ መነሻ ደግሞ 6950 ዓመት እናገኛለን።

ዘመኖቹ የተለወጡበትን ምክንያት ስንመለከት ሁሉም የቤተ መንግሥት ጉዳይ መሆኑን እንገነዘባለን። ቀዳማዊው ዘመን የተዘጋው ንጉሠ ነገሥት ሬማን ሣልሳዊ ተገድሎ የእርሱ ሥርወ መንግሥት ሲያልቅ ነው። ካልዓዩ ታይበር ሴፕቲም ክፍለ ዓለሙን በአንድ ዘውድ ሥር ባዋለ ጊዜ፣ ሣልሳዩም የእርሱ ዘር ባለቀ ጊዜ ተዘጋ። ስለዚህ ይህ የዘመን መዝገብ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝገብ ነው። ሌሎቹ ሕዝቦች፣ ኤልፎችም ሆኑ ካጂት የተባሉት ድመት መሰል ነገዶች፣ የየራሳቸው ቈጠራ ቢኖራቸውም ለእኛ የደረሰን በአብዛኛው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አቈጣጠር ተመልሶ ነው።

ሁለተኛው ልንመለከተው የሚገባን ነገር የመረጃው አለመመጣጠን ነው። ለሣልሳዩ ዘመን ስትሮናክ ክቶጅ የተባለው ጸሐፊ በአራት ክፍል ያዘጋጀው አጭር የመንግሥት ታሪክ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ማን እንደ ነበረና ማን እንደ ተከተለው በተራ ይነግረናል። በቀዳማዊው ዘመን መካከል ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚሆን ጊዜ ከጥቂት ስሞች በስተቀር ባዶ ሆኖ ይታያል። የጽሑፋችን ዋና ጭብጥ ይህ ባዶ ቦታ ነው፤ ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ሜሬቲክ ዘመን ጥቂት እንናገራለን።

2. ወደ ኋላ የተቈጠረው ዘመን

ስለ ሜሬቲክ ዘመን ዋናው ምንጫችን አይካንታር ዘሺመሪን የጻፈው «ከሰው ዘመናት በፊት» የሚለው መጽሐፍ ነው። እንደ እርሱ አባባል ዘመኑን ወደ ኋላ የቈጠሩት የጥንት የኖርድ ሊቃውንት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ቍጥር 2500ን የጠቀሱት የንጉሥ ሃራልድ አዝማሪዎች ሲሆኑ፣ ይኸውም በባልፊየራ ደሴት ያለው የአዳማንታይን ግንብ የተሠራበት ዓመት ነው። የመቍጠሪያው መነሻ፣ ማለት ዓመት ዜሮ፣ በቫለንዉድ የካሞራን ሥርወ መንግሥት የተመሠረተበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያጠራጥረናል። የመጀመሪያው ቍጥሩ ራሱ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያለ ጭራ የቀረበ ክብ ቍጥር ነው፤ ዓመት በዓመት ተቈጥሮ የተገኘ አይመስልም። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ኖርዶች በሰሜን በረዶ ውስጥ ከኤልፎች ጋር ሲዋጉ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አዝማሪዎቻቸው የዓለምን መጀመሪያ ሲቈጥሩ በሩቅ ደቡብ ምዕራብ ጫካ የተመሠረተውን የኤልፎች መንግሥት መነሻ ለምን ያደርጋሉ? እንደ እኛ አስተያየት አዝማሪዎቹ የቈጠሩት በራሳቸው ነገሥታት ነው፤ ወደ ካሞራን ዘመን የመለሰው በኋላ የመጣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሊቅ ነው። እንዲህ ከሆነ ቍጥሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተተርጕሟል ማለት ነው።

ይህንን በሌላ መንገድ መፈተን እንችላለን። የኖርዶች የመጀመሪያው ታሪካዊ ንጉሥ ሃራልድ በቀዳማዊው ዘመን በ113 ዓመት መላውን ስካይሪም ይገዛ ነበር፤ እርሱም ከይስግራሞር 13ኛው ነው ይባላል። ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሦስተኛው 12 የዙፋን ርክክብ አለ። ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 25 ዓመት ብንሰጥ ከ240 እስከ 300 ዓመት ይሆናል። ከዚህ ላይ 113 ብንቀንስ ይስግራሞር የሚውለው ከዓመት ዜሮ በፊት ከ127 እስከ 187 ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ የሳርታል ከተማ ጥፋት፣ የይስግራሞር ከአምስት መቶ ባልንጀሮቹ ጋር መመለስ፣ የበረዶ ኤልፎች መሸነፍ፣ የዘንዶ ካህናት አገዛዝና የዘንዶዎች ጦርነት፣ ይህ ሁሉ ከሁለት መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መግባት አለበት። ቦታው እጅግ ጠባብ ነው። ወይ የካህናቱ አገዛዝ ከሚነገርለት ያጠረ ነበር፤ ወይም በነገሥታቱ ዝርዝር ውስጥ የተዘለሉ አሉ። ዴቪድ ሄኒጌ የተባለው የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አፍ ታሪክ የዘመን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በቃል የሚተላለፍ የነገሥታት ዝርዝር እንደ አስፈላጊነቱ ያጥራል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ይረዝማል። እኛም ሁለተኛውን አስተያየት እንመርጣለን።

3. የዘንዶው ስብራት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በታምሪኤል እምነት የጊዜ አምላክ አካቶሽ ዘንዶ ነው። ስለዚህ የጊዜ ሥርዓት ሲፈርስ «ዘንዶው ተሰበረ» ይባላል። እንደ ልማዳዊው ታሪክ በቀዳማዊው ዘመን በ1200 ዓመት የአሌሲያውያን ማኅበር ክፍል የሆኑ አክራሪ ካህናት የአምላካቸውን የኤልፍ ባሕርይ ለይቶ ለማውጣት በግንብ ላይ ሥርዓት አደረጉ፤ ጊዜም እስከ 2208 ድረስ፣ ማለት ለ1008 ዓመታት፣ መስመሩን ሳተ። በዚያ መካከል ቀንና ዓመት አልነበረም ይላሉ።

ይህንን ልማድ የሚቃወም አንድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ሞሮዊንድ» ውስጥ ይገኛል፤ ጸሐፊው ፋል ድሩን፣ ርእሱም «የዘንዶው ስብራት እንደገና ሲመረመር» ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ስሕተቱ የመጣው በሣልሳዩ ዘመን በ12 ዓመት ከታተመው «ኢንሳይክሎፒዲያ ታምሪኤሊካ» ነው። የአሌሲያውያን መዛግብት በጦርነት ጠፍተው ነበር፤ በአሊኖር ያለው የኤልፎች ቤተ መዛግብትም ገና ለሰዎች አልተከፈተም። የኢንሳይክሎፒዲያው ጸሐፊ የአሌሲያውያን «ዓመት» ምን ማለት እንደ ሆነ ባለማወቁ እንደ ተራ ዓመት ቈጠረው፤ «ዓመቱ» ግን የሴቲቱ ሊቀ ካህናት አንድ ተመስጦ የሚቈይበት ጊዜ፣ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት የሚደርስ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ዕድሜ 1008 ዓመት መሆኑ ቀርቶ 150 ዓመት ያህል ነው። የጊዜ መሰበር ትምህርት ደግሞ ይህንን ግራ የሚያጋባ ቍጥር ለመፍታት በሣልሳዩ ዘመን መጨረሻ ነገረ ፍጻሜን የሚያሰላስሉ ወገኖች የፈጠሩት ነው።

ክርክሩ ያማረ ነው። በእውነተኛው ታሪክም አምሳያ አለው። የሱመር ነገሥታት ዝርዝር የኤሪዱን ንጉሥ አሉሊምን 28,800 ዓመት ያነግሠዋል፤ ይህ ቍጥር በሱመር የቍጥር ክፍል በሳር፣ ማለት በ3600፣ ሲካፈል ልክ 8 ይሆናል። ቍጥሩን የወለደው የመቍጠሪያው መስፈርያ ነው። የፋል ድሩንን ሒሳብ ብንሠራም አያሳፍረውም፤ 150 ዓመት ለ1008 ተመስጦ ሲካፈል ለአንዱ 54 ቀን ያህል ይደርሳል፤ ይኸውም እርሱ ከሰጠው ወሰን ውስጥ ይገባል።

4. ክርክሩ ሲመዘን

ይሁን እንጂ ፋል ድሩንን በጭፍን ለመከተል ሦስት ነገሮች ይከለክሉናል።

አንደኛ፣ 1008 ልማዱ ለስብራቱ የሚሰጠው ቍጥር ነው፤ የማኅበሩ ጠቅላላ ዕድሜ አይደለም። ማኅበሩ በመንግሥቱ ላይ የሠለጠነው በቀዳማዊው ዘመን በ361፣ የወደቀውም በ2321 በተነሣውና በ2331 ባበቃው የጽድቅ ጦርነት ነው። ስለዚህ ልማዱ ለማኅበሩ የሚሰጠው 1970 ዓመት ነው። ፋል ድሩን ሁለቱን ቍጥሮች አንድ አድርጎ ይናገራል፤ የቀሩት 962 ዓመታት ወዴት እንደ ሄዱ አይነግረንም።

ሁለተኛ፣ 858 ዓመት ከመካከል ብናወጣ የቀዳማዊው ዘመን ርዝመት ከ2920 ወደ 2062 ይወርዳል። ይህ ለአንድ ማኅበር ብቻ የሚደረግ እርማት ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ የዲሬኒ ወገን የሆኑ ኤልፎች አሌሲያውያንን በግሌነምብሪያ ሜዳ ያሸነፉት በ482 ነው። ከ361 እስከ 482 ያለው 121 ዓመት በተመስጦ የተቈጠረ ከሆነ 18 ዓመት ብቻ ይሆናል፤ የዲሬኒ ኤልፎች በራሳቸው አቈጣጠር የመዘገቡት ከሆነ ግን 121 ሆኖ ይቀራል፤ ለማኅበሩ ከተፈቀደለት 150 ዓመትም የሚተርፈው 29 ብቻ ነው። አንድ ቀን በማን እጅ እንደ ተመዘገበ ሳይለዩ ማሳጠር ሳይለዩ ከማስረዘም አይሻልም።

ሦስተኛው ምክንያት እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ነው። ፋል ድሩን ስለ ሴፕቲም ሥርወ መንግሥት ውድቀት እንደ አለፈ ነገር ይናገራል፤ የሣልሳዩን ዘመን ሊቃውንትም እንደ ጥንት ሰዎች ይተቻል። ሥርወ መንግሥቱ የወደቀው በሣልሳዩ ዘመን በ433 ዓመት ነው። መጽሐፉ የሚገኝበት የ«ሞሮዊንድ» ጨዋታ ግን የሚፈጸመው በ427 ነው! እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በመደርደሪያ ላይ ተገኝቷል። አንድ የመሬት ቍፋሮ ሊቅ በጥንት አፈር ውስጥ የኋላ ዘመን ገንዘብ ቢያገኝ ወይ አፈሩ ተገልብጧል ወይም ገንዘቡ ሐሰተኛ ነው ይላል። እዚህም ሁለት መንገድ ብቻ አለ። መጽሐፉ ሐሰተኛ ከሆነ ምስክርነቱ ይወድቃል፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ተሰብሮ አያውቅም የሚለው ምስክር ራሱ የጊዜ መሰበር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በሁለቱም በኩል ፋል ድሩን ክርክሩን ያጣል።

5. የጨረቃዎቹ ምስክርነት

የካህናትን ቍጥር ማመን ካልተቻለ ሌላ ነጻ ምስክር አለን? በዚያው በ«ሞሮዊንድ» ስለ ስብራቱ የተለያዩ ሰዎችን ቃል የሚያሰማ አንድ ጽሑፍ አለ። ከእነርሱ መካከል ካጂቱ ርሌይትሃር 1008 የሚለውን ቍጥር ሰዎች ከካጂቶች እንደ ሰረቁት ይናገራል፤ በስብራቱ ጊዜ ያልተለወጡት ጨረቃዎቹ ብቻ ስለ ነበሩ፣ መንፈሳዊ መሪያቸው እነርሱን እያየ ቈጠረ ይላል።

የዚህን ምስክርነት ዋጋ ለመረዳት ሌላ ምሳሌ እንጥቀስ። ሄሪበርት ኢሊግ የተባለው ጀርመናዊ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ከ614 እስከ 911 ያሉት 297 ዓመታት በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የተፈጠሩ ሐሰተኛ ዓመታት ናቸው ሲል ጽፏል። ኢሊግን ያሸነፉት የአውሮፓ መነኮሳት መዛግብት አይደሉም፤ እርሱ የሚጠራጠረው እነዚያኑ ነበርና። ያሸነፉት የዛፍ ቀለበቶች፣ እንዲሁም በ684፣ በ760ና በ837 የሃሌይን ባለ ጭራ ኮከብ አይተው የመዘገቡት የቻይና ሰማይ ተመልካቾች ናቸው። ቻይናዎቹ ስለ አውሮፓ የዘመን ክርክር የሚያገባቸው ነገር አልነበረም፤ ኮከቡም ለማንም ብሎ ጊዜውን አይለውጥም።

በታምሪኤል ይህንን አገልግሎት ሊሰጡ የሚችሉት የካጂት ጨረቃዎች ናቸው። ነገር ግን ርሌይትሃር የቈጠራ ሠንጠረዥ አላቀረበልንም፤ ያቀረበልን የሕዝቡን ኩራት ነው። የሆነ ሆኖ ከቃሉ አንድ ጥቅም እናገኛለን። ፋል ድሩን 1008 የተመስጦ ቍጥር ነው ይላል፤ ካጂቱ የጨረቃ ቍጥር ነው ይላል። ሁለት የማይገናኙ ቈጠራዎች በአጋጣሚ አንድ ቍጥር ላይ ሊወድቁ አይችሉም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ወስዷል። ማን ከማን እንደ ወሰደ የሚያሳየን የአሊኖር ቤተ መዛግብት ነው፤ የኤልፎች ዕድሜ ከሰው ዕድሜ እጅግ ስለሚረዝም፣ 1008 ዓመት ለእነርሱ የጥቂት ትውልዶች ትዝታ ነውና።

6. ከምናቡ ሊቃውንት በስተጀርባ

እስካሁን እንደ ታምሪኤል ሰው ተከራከርን። አሁን ደግሞ እንደ ራሳችን ዓለም ሰዎች እንጠይቅ፤ ደራሲዎቹ የጊዜን ስብራት ለምን አስፈለጋቸው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ዳገርፎል» ላይ ይገኛል። ያ ጨዋታ ስድስት የተለያዩ መጨረሻዎች ነበሩት፤ ተጫዋቹ ኃይሉን ለማን እንደ ሰጠ ታሪኩ በዚያው ይለወጣል። ተከታዩን ጨዋታ ሲሠሩ ደራሲዎቹ አንዱን መርጠው አምስቱን ሐሰት ማድረግ አልፈለጉም። በዚህ ምክንያት በሣልሳዩ ዘመን በ417 ዓመት ጊዜ ተሰብሮ ስድስቱም በአንድነት ተፈጸሙ፤ 44 ትናንሽ መንግሥታትም በጥቂት ቀን ውስጥ አራት ሆኑ ተባለ። ስለዚህ የጊዜ ስብራት በመጀመሪያ የደራሲ ችግር መፍቻ ነበረ። በቀዳማዊው ዘመን ያለው ታላቁ ስብራት ይህንን የሚያጸና ጥንታዊ ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል።

ቻይናዊው የታሪክ ሊቅ ጉ ጂየጋንግ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ አገሩ ጥንታዊ ታሪክ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ጸሐፊው ከጥንቱ በራቀ መጠን ስለ ጥንቱ የሚያውቀው እየበዛ፣ የጥንቱም ዘመን እየረዘመ ይሄዳል የሚል ነው። ታምሪኤል ይህንን በዐይናችን ፊት ታሳየናለች። የ1994ቱ ጨዋታ ስለ ጥንቱ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የዘንዶ ካህናትና የዘንዶዎች ጦርነት ዝርዝር ታሪክ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሁለተኛው ክፍል የሜሬቲክ መጨረሻ ጠቦ ያገኘነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል፤ በቀደመው ቤት ውስጥ አዲስ ዕቃ ገባበት።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንደርስበት አስተያየት ይህ ነው። ሬማን ከተነሣበት ከቀዳማዊው ዘመን 2703 ዓመት ወዲህ ያለው ቈጠራ በሙሉ ልብ ሊያዝ ይገባዋል። የአሌሲያ ባሮች የነጩን ወርቅ ግንብ ከያዙበት ከ243 እስከ 2703 ባለው ጊዜ የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል እንቀበላለን፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ግን እንጠራጠራለን። ከዓመት ዜሮ በፊት ላለው ቅደም ተከተሉን ብቻ እንያዝ፤ 2500 የሚለውን ቍጥር ለአዝማሪዎቹ እንተውላቸው። የፋል ድሩንን አጭር ቈጠራ ባንቀበለውም ጥያቄውን እንቀበላለን፤ ከእርሱ በፊት «ዓመት» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ የጠየቀ አልተገኘምና።

ይህ ድካም ለጨዋታ ነው ወይ የሚለን ካለ፣ አዎን፣ ለጨዋታ ነው እንላለን። ነገር ግን ማንም በማይቈጣበት አገር የተለማመድነው ጥያቄ ሰው በሚቈጣበት አገርም ይጠቅመናል። ያ የኅዳግ ቍጥር 4004 ለብዙ ዘመን ሳይጠየቅ የኖረው ከቅዱሱ ቃል ጋር በአንድ ገጽ ስለ ታተመ ነው። የቍጥሩን ሠሪ ከቃሉ ባለቤት ለይቶ ማየት ማንንም መድፈር አይሆንም። አንባቢዎቻችንም፣ በተለይ መምህሮቻችን፣ ከላይ በሠራነው ሒሳብ ስሕተት ቢያገኙ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙን በአክብሮት እንለምናለን።